ግራፊክስ ካርድ እስከ የት ይሄዳል?

አይከል ላይ ከአንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቼ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አየሁ፡፡ የሜዳው ሣር እውነተኛ ይመስላል፤ የተጫዋቾቹ ፊት ግን አሻንጉሊት ነው፡፡ አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ አዲሱ ማሽን ሲመጣ ልክ እንደ ቴሌቪዥን ይሆናል» አለኝ፡፡ እውነት ይሆናል?

ማሽኑ በሰከንድ 60 ምስል መሳል ካለበት ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፡፡ በዚህች ቅጽበት ፎር ኬ የሚባለው ስክሪን የ8.3 ሚሊዮን ነጥቦችን ቀለም ይጠብቃል፡፡ የአኒሜሽን ፊልም ሠሪዎች ለአንድ ምስል ብዙ ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ፡፡

የብርሃን ሒሳቡ አዲስ አይደለም፤ ጄምስ ካጂያ እ.ኤ.አ. በ1986 በአንድ ቀመር አስቀምጦታል፡፡ የፋሲል ግንብን በጠዋት ፀሐይ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፡፡ ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ጨርሶ አይጠቁርም፤ ከመሬቱና ከአጥሩ ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን ያገኘዋልና፡፡ ይህን ምልልስ በትክክል ለማስላት ለእያንዳንዱ ነጥብ በመቶና በሺሕ የሚቆጠሩ ጨረሮችን መከተል ያስፈልጋል፡፡ የጨዋታ ማሽን የሚችለው ጥቂቱን ነው፡፡

«ካርዱ ይፈጥናላ» ይባል ይሆናል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የኤንቪዲያ ጂፎርስ 256 ትራንዚስተሮቹ ከ25 ሚሊዮን ያነሱ ነበሩ፤ በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5090 ግን 92.2 ቢሊዮን ይዟል፡፡ ሆኖም ከ2005 አካባቢ ወዲህ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር የሚፈጀው ኃይል በዚያው ልክ መቀነሱን ትቷል፡፡ 5090 ብቻውን እስከ 575 ዋት ይጠይቃል፡፡ (የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ እጥፍ ድርብ ይበላል፤ እሱ ግን እንጀራ ያወጣል፡፡) በስፋት መጨመርም አያዋጣም፡፡ ቺፕ የሚያትመው ማሽን በአንድ ጊዜ ማተም የሚችለው ትልቁ ስፋት 858 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የ5090 ቺፕ 750 ደርሷል፡፡

ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ከማስላት ወደ መገመት ዞረዋል፡፡ 5090 በሚስላቸው ምስሎች መካከል ተጨማሪ ምስሎችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገምቶ ሊሞላለት ይችላል፡፡ ለልጁ የምመልስለት እንግዲህ «አዎን፣ ቴሌቪዥን ይመስልሃል፤ ግን አብዛኛው የተገመተ ነው» የሚል ነው፡፡

ለኳስ ይህ ግድ አይሰጥም፡፡ እኔን የሚያሳስበኝ ዩኔስኮ በ1979 የመዘገበው የፋሲል ግቢ ነው፡፡ ማሽን የሚገምተው ካየው ተነስቶ ነው፤ የአውሮፓን ቤተ መንግሥት በሚሊዮን ፎቶ አይቷል፤ የእኛን ድንጋይና ኖራ ግን ጥቂት፡፡ ግንቦቹ ጥግ በጥግ ተለክተውና ፎቶ ተነስተው ካልተቀመጡ፣ ነገ ልጆቹ በስክሪን የሚዞሩበት ጎንደር የሌላ አገር ግድግዳ ይዞ ሊመጣ ይችላል፡፡