ባዶ ኮርቻ

ጠጋ ጠጋ በሉ እንግዲህ፤ ቡናው ገና ሁለተኛው ነው፣ አያልቅብንም። የማወራችሁ ስለ አጎቴ ነው። ስሙን አልጠራም። ጎንደር ውስጥ 34 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረን ሰው ስም ብጠራ ግማሾቻችሁ «እኔንም በኩርኩም ብሎኛል» ትሉና ወሬዬን ትቀሙኛላችሁ። እኛ ቤት ጋሼ ነው የሚባለው፤ ጋሼ ይበቃል።

ጋሼ በእግሩ የታወቀ ሰው ነበር። የግማሽ ዓመት ዕረፍት በመጣ ቁጥር ተማሪዎቹን ሰብስቦ ወደ ሰሜን ተራሮች ይነዳቸዋል። ከደባርቅ ተነሥተው በሳንቃበር፣ በጊጭ፣ በጨነቅ አድርገው፣ ቧሂትን ተሻግረው፣ ያንን ሁሉ ገደል ቁልቁል ወርደው፣ እንደገና ሽቅብ ወጥተው ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ነው የሚያቆሙት። እሱ ኮንጎ ጫማውን ተጫምቶ ከፊት ከፊት፣ ልጆቹ ምላሳቸውን አውጥተው ከኋላ። ደክሞት በቅሎ ላይ የወጣ ተማሪ ካለ አለቀለት። ዓመቱን ሙሉ ስሙ «ጭነት» ነው። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ እንኳ «ጭነት መጥቷል?» ይላል። ክፋት ነበረበት፤ አጎቴ ስለሆነ አልሸፍንለትም።

በነገራችን ላይ የራስ ደጀንን ከፍታ 4,620 ሜትር ብሎ ነው ሲያስተምር የኖረው፤ መጽሐፉም እንዲያ ነበር የሚለው። በኋላ የመጡት ልኬቶች ወደ 4,550 ግድም ሲያወርዱት «እኔ ስወጣው ግን 4,620 ነበር» ብሎ ድርቅ አለ።

ሳሉ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. መግቢያ፣ ጡረታ በወጣ በአራተኛው ዓመት ነው። መቼም እኛ አገር ሳል ብርድ ነው። ዳማከሴ ተጨመቀለት፣ ፌጦ ተበጠበጠለት፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ተሰጠው። ሁለት ወር አለፈ። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት፣ ቆይቶ ሌላ ተበሳለት። ሌሊት ላብ ያጠምቀውና ጋቢው ጠዋት ገመድ ላይ ይሰጣል። እትዬ፣ ሚስቱ ማለቴ ነው፣ አንድ ቀን ያን ጋቢ ስትጨምቀው ቆየችና ምንም ሳትለው ነጠላዋን ለብሳ፣ እጁን ይዛ ወጣች። አክታው ተመረመረ፣ ራጅ ተነሣ። የሳንባ ነቀርሳ።

ቤት ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? ብርጭቆውን ለብቻ አስቀመጠ። ማንም አልጠየቀውም። ሮበርት ኮክ የሚባል ጀርመናዊ ይህን ተሕዋስ እንዳገኘ በ1882 በእነሱ አቆጣጠር ማሳወቁን ያስተማረን ራሱ ጋሼ ነው፤ የተማረ ሰው ግን በሽታ ሲይዘው እንደ አያቱ ነው የሚፈራው።

መድኃኒቱ የስድስት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ እንክብል ተደርጎ ይዋጣል፤ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት። ሽንት ቀይ ያደርጋል፣ ሆድ ያገላብጣል። ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው ሌላ ነገር ነው። እንክብሉን ቤትህ ወስደህ አትውጠውም። ሰው ሲሻለው ይተወዋላ፤ ከተወው ደግሞ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል። ስለዚህ በየማለዳው ጤና ጣቢያ ሄደህ፣ የጤና ባለሙያዋ ፊት ቆመህ፣ እሷ እያየችህ ነው የምትውጠው። ባለሙያዋ ደግሞ የድሮ ተማሪው ሆና ቁጭ!

«ጋሼ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ። ምላስዎን ወደ ላይ ያንሱ።»

ከዚያች ልጅ ፊት፣ 34 ዓመት አፍ ሲያዘጋ የኖረው ሰውዬ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ያነሣል፣ «ዋጥኩት» ይላል። በየቀኑ። ድሮ «ጭነት» ካላቸው ልጆች አንዷ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንድ ጊዜ ጠይቄው ወደ መስኮቱ ዞረ።

ታዲያ ልብ አድርጉልኝ፤ እግሩ የተመለሰው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ከቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው ድሮ ሲጋራ ተለኩሶ ሳያልቅ የሚደረስበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ሦስት ቦታ ያርፍ ነበር፦ መብራት ምሰሶው ሥር፣ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ። ባጃጅ እንዲይዝ ቢለመን አሻፈረኝ። በሦስተኛው ወር ምሰሶውን ዘለለው። በአምስተኛው ወር እንክብሉን ውጦ ወደ ቤት አልተመለሰም፤ ሽቅብ ቀጠለና እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩበት ቁስቋም ድረስ ወጣ። እትዬ ሬሳ እንደሚፈልግ ሰው ከተማውን ስታስስ ዋለች።

ሲጨርስ ሐኪሙ ራጁን መስኮት ላይ ለጥፎ አሳየው። ተሕዋሱ የለም፤ ጠባሳው ግን ቀኝ ሳንባው አናት ላይ ቁጭ ብሏል፤ እሱ አይጠፋም ተባለ። ጋሼ ካርታ እንደሚያይ ሰው ጠጋ ብሎ አየው።

ኅዳር 2011 ላይ ባሕር ዳር ደወለልኝ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። «ጨነቅ ድረስ እሄዳለሁ። ራስ ደጀንን አላልኩም፣ ጨነቅ። ትመጣለህ ወይስ ፈሪ ነህ?» አለኝ። 64 ዓመቱ ነው፣ ሳንባው ላይ ጠባሳ አለ፤ ፈሪው እኔ ነኝ። እትዬ ስልኩን ነጠቀችውና «ኮርቻ የተጫነች በቅሎ ከሌለች አይወጣም፣ ንገረው!» አለች። ብዙ ተጨቃጭቀው ታረቁ፤ በቅሎዋ ትመጣለች፣ እሱ ግን አይቀመጥባትም።

ደባርቅ ላይ የፓርኩን መግቢያ ከፍለን፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ተመድቦልን፣ አንድ ባለበቅሎ ከነዳማ በቅሎው ቀጠርን። ጋሼ በቅሎዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና «አባቷ ማን ነው?» አለ። ባለበቅሎው ፈጠን ብሎ «እናቷ ፈረስ ናት» ሲል ስካውቱ ሳይቀር ሳቅን። ሳቁ ግን ሳንቃበር ሳንደርስ አለቀ።

«አባቴ፣ እንግዲህ ውጡባት።»

«አልደከመኝም።»

«እስኪደክምዎ ምን ያስጠብቅዎታል?»

«አልኩህ እኮ!»

ባለበቅሎው ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ወንድሜ፣ ምከራቸው። እኛ ዘንድ ባዶ ኮርቻ የጫነች በቅሎ የምትሳበው ለለቅሶ ነው። ዛሬ ሦስት ሰው ‹ማን ሞተ?› አለኝ። ሟርት ነው።» እውነቱን ነው። የትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ የሟቹ በቅሎ ኮርቻዋን እንደጫነች ለቀስተኛው መሃል ትሳባለች፤ ሴቶቹ እሷን እያዩ ነው የሚያለቅሱት። እኔም ከዚያ ወዲያ ያችን በቅሎ ደህና አድርጌ ማየት አቃተኝ።

ጋሼ ግን ድካሙን የሚሸፍንበት ዘዴ ነበረው። ትንፋሽ ሲያጥረው ያስተምራል! ከጅንባር ወንዝ ወደ ጊጭ ሜዳ ሽቅብ ስንወጣ ድንገት ቆም ይልና በዱላው ገደሉን ያሳየናል፤ «ይህ ሁሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ነው፤ ውኃ ነው እንዲህ የጠረበው።» ደረቱ እንደ ወናፍ እየነፋ። ትንሽ እንሄድና ጭላዳዎቹ ጋ ይቆማል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኝም፣ ሣር እየነጨ የሚኖር ዝንጀሮ ነው፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ተመልከቱ። ስካውቱ ከጭላዳ ጋር ነው ያደገው፤ በትሕትና «እሺ» ይላል። ጅብራ ያየን እንደሆነማ ትምህርቱ ግማሽ ሰዓት ነው። ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያበዛ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያን ረጅም አበባውን አውጥቶ፣ እዚያው ቆሞ ይደርቃል። ሜዳው በጅብራ የተሞላ ስለነበር አስቡት፣ ስንት ጊዜ እንደተማርን።

ጊጭ አደርን። ብርዱ ውኃችንን ቆዳ አስለበሰው። ድንኳን ውስጥ ጋሼ ሲተነፍስ እያዳመጥኩ ነው ያነጋሁት፤ ሲያፏጭ እሰጋለሁ፣ ዝም ሲል ይበልጥ እሰጋለሁ።

በሦስተኛው ቀን በሶ በጥብጠን ጠጥተን በእመት ጎጎ በኩል ጉዞ ጀመርን። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ቆመህ ስታይ ምድር ከእግርህ ሥር ተቆርጣ የወደቀች ነው የሚመስልህ። እዚያ ላይ ጋሼ በደንብ አስተማረ፤ የፓርኩን፣ በ1978 በፈረንጅ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የመመዝገቡን፣ የዋልያውን። ከዚያ ወረድንና ወደ ሌላኛው አቀበት ዞርን። እሱ ከ4,000 ያልፋል፤ 4,070። እዚያ ላይ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው 60 በመቶው ያህል ነው፤ ይህንም እሱው ነው ያስተማረኝ። የተራራው ስም ደግሞ እናትዬ ነው።

መጀመሪያ 40 እርምጃ ሄዶ ያርፍ ነበር። እየቆጠርኩ ነው። ከዚያ 25። ከዚያ 12። ከዚያ ቆመ። በዱላው ላይ ተደገፈና ቆመ። እኔ ትምህርቱን ጠበቅሁ። ከአጠገቡ እሱን የሚያክል ጅብራ አለ፤ አላየውም። ጭላዳዎች ገደሉ ጠርዝ ላይ ይንጫጫሉ፤ አላያቸውም። ከናፍሩ አመድ መስሏል። 34 ዓመት ያስተማረ ሰው የሚያስተምረው ጠፋው።

ባለበቅሎው «ውጡ» አላለም። እንዲህ ነው ያደረገው፦ በቅሎዋን አለፍ አድርጎ አንድ ዝቅ ያለ ድንጋይ አጠገብ አቆማት፣ እርካቡን ወደዚያ አዞረ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቀበቶዋን የሚያጠብቅ መሰለ። ቀበቶዋ እንዳልላላ አውቃለሁ።

ብዙ ቆየን። ከላይ ሁለት ፈረንጆችና አስጎብኚያቸው እየወረዱ ነው፤ ከኋላቸው የሱፍ ኮፍያ የሚሸጡ የመንደር ልጆች። እስኪያልፉ ይጠብቃል ብዬ ነበር። አልጠበቀም። ወደ ድንጋዩ ሄደ፣ እግሩን እርካብ ውስጥ አስገባ፣ ባለበቅሎውና እኔ ከሁለት በኩል ደግፈን አወጣነው። ልጆቹ ቆመው አዩት። አንዷ ልጅ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለጓደኛዋ አንድ ነገር አለቻት። ጋሼ በቅሎዋ ላይ ቀጥ ብሎ እንደ ደጃዝማች በአገጩ ሰላምታ ሰጣት።

አቀበቱን ወጣን። ዳማዋ ድንጋዩን እየመረጠች ትረግጣለች፤ ባለበቅሎው ልጓሙን ይዞ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንጎራጉራል። እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው የጋሼን ጀርባ ነው፤ እንዴት ቀጭን እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እናትዬ ጫፍ ላይ ስንደርስ ደግፈን አወረድነው። ዱላውን ተቀበለኝ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ወደ ባለበቅሎው ዞረና አፉን በሰፊው ከፈተ። ምላሱን ወደ ላይ አነሣ።

ሰውየው ደንግጦ ጎንበስ ብሎ አየው። «ምነው አባቴ፣ ጥርስዎን ነው?»

«ዋጥኩት» አለ ጋሼ።

ባለበቅሎው እኔን አየኝ፣ እኔ ዞር አልኩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ጨነቅ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ በበቅሎ አይወረድም። ጋሼ በእግሩ ሊጀምር ሲል ባለበቅሎው አስቆመው። የባዶውን ኮርቻ ነገር አልረሳውም። የጋሼን ጋቢ ከትከሻው ላይ ተቀበለና ኮርቻው ላይ አለበሰው፣ ነፋስ እንዳይወስደው ጠርዙን ከመቀመጫው ሥር ወተፈ፣ በቅሎዋንም ከፊት አስቀደማት።