ኢንተርኔትን ከማን ተረከብነው? የአራት ትውልድ ታሪክ ከልደታ



ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ቆሞ ስልኩን ለሚነካካ የ17 ዓመት ልጅ ኢንተርኔት ከእሱ ጋር የተወለደ ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ከተወለደ ጀምሮ ቤት ውስጥ ያየው እሱኑ ነው። ነገር ግን ኢንተርኔት እሱ እጅ ከመድረሱ በፊት በሦስት ትውልድ እጅ አልፏል። እያንዳንዱ ትውልድ ያቆየው ነገር አለ፤ ጥሎት ያለፈውም አለ። ታሪኩን ከሰፈራችን እየተነሣን እንየው።

1. የሞደም ትውልድ

እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በመስመር ሊነጋገሩ ሲሞክሩ፣ "ሎግኢን" ከሚለው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ እንዳለፈ ግንኙነቱ ተቋረጠ። የዛሬው ዓለም የተጀመረው ከዚያች ከተቋረጠች ቃል ነው።

ወደ እኛ ከተማ በመጀመሪያ የገባው ኢሜይል ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ ክፍል የኢሜይል አገልግሎት ዘረጋ። መልእክቶች እየተጠራቀሙ በስልክ መስመር ይላካሉ። ዛሬ የላኩት ደብዳቤ ነገ ቢደርስ ተአምር ነበር። ከዚያ በ1989 ዓ.ም. ቴሌ ለሕዝብ የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ሞደሙ ጮኾ ጮኾ ይገናኛል፤ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ቤቱን የሚደውልለት ሰው ስልኩን አያገኘውም። ተጠቃሚዎቹም በአብዛኛው ድርጅቶች፣ ኤምባሲዎችና ምሁራን ነበሩ።

የዚያ ትውልድ ትልቁ ፈተና ግን ፊደል ነበር። የአማርኛ ፊደል ማተሚያ ፕሮግራሞች ቢኖሩም እርስ በእርስ አይግባቡም። በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ካሉበት ሆነው በራስዎ ስልክ ማንበብ የቻሉት በዚያ ሥራ ነው። አብዛኞቻችን የሠሩትን ሰዎች ስም እንኳ አናውቅም።

2. የኢንተርኔት ቤት ትውልድ

ቀጥሎ የመጣው ኢንተርኔት ቤት ነው። አሜሪካ የዲቪ ሎተሪን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ እንዲሞላ ስታደርግ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ፎቶውን ይዞ ኢንተርኔት ቤት ደጃፍ ተሰለፈ። ለብዙ የከተማችን ሰው የመጀመሪያው ኢንተርኔት ዲቪ ነበር።

ሂሳቡ በደቂቃ ነው። ገጹ እስኪከፈት ሰዓቱ ይቆጥራል። ሆኖም ያ ትውልድ አሁን የሌለን አንድ ነገር ነበረው፦ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው። ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ ኢሜይል ይከፍትልሃል፣ የይለፍ ቃልህን ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጥሃል፣ "ይሄን አትንካ" ይልሃል። እናቶች ውጭ አገር ላለ ልጃቸው የሚናገሩትን ያ ልጅ በላቲን ፊደል አማርኛ ይጽፍላቸው ነበር። ያኔ ኢንተርኔት መጠቀም ማለት ከሰው ጋር መቀመጥ ማለት ነበር።

የእኛም ወንድሞች ከልደታ በአብነት በኩል ወደ መርካቶ ወጥተው የዳዕዋ ካሴት ይገዙ ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ አንዱ የቁርኣን ቲላዋ አውርዶ በሲዲ ይገለብጣል፤ ያ ሲዲ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይከርማል። አንዱ አውርዶ ሃምሳው ያዳምጣል። በኋላ ፍላሽና ብሉቱዝ ይህንኑ ሥራ ተረከቡ።

በሩ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተዘጋው የሞባይል አጭር መልእክት የተመለሰው በሚሊኒየሙ መባቻ ነው።

3. የፌስቡክ ትውልድ

በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲመሠረት ኢንተርኔት ከጠረጴዛ ወርዶ ኪስ መግባት ጀምሮ ነበር። በዓመቱ፣ በ2004፣ ከአወሊያ የተነሣው የሙስሊሙ ጥያቄ "ድምፃችን ይሰማ" በሚለው የፌስቡክ ገጽ ይመራ ጀመር። የጁምዓው መርሐ ግብር በገጹ ይነገራል፤ ሕዝቡም በታላቁ አንዋር መስጊድና በሌሎችም መስጊዶች ይፈጽመዋል። በዚያ ዘመን በዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ግምት ከመቶ ኢትዮጵያውያን የኢንተርኔት ተጠቃሚው ሦስት አይሞላም ነበር። ታዲያ መልእክቱ እንዴት ደረሰ? ያነበበው ላላነበበው ስለነገረ ነው። የሲዲው ዘመን ልማድ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

የዚህ ምዕራፍ አንዱ ገጽ የተጻፈው እዚሁ ሰፈራችን ነው። በሐምሌ 2004 የታሰሩት የኮሚቴው አባላት በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሽብር ተከሰው፣ በ2007 ክረምት ረጃጅም የእስር ቅጣት ተፈረደባቸው። ኋላ ግን የመጨረሻዎቹ በ2010 ተፈቱ። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንም ልደታ ባለው በዚሁ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ የከፊሎቹ ክስ ሲቋረጥ ቀሪዎቹ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ኢንተርኔት ላይ የሚጻፍ ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያ ትውልድ ችሎት ፊት ቆሞ ተማረ።

4. የቪዲዮ ትውልድ

በ2007 ዓ.ም. አራተኛው ትውልድ ኔትወርክ አዲስ አበባ ገባ። በ2013 ቴሌብር ተጀመረ፤ በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ ጀመረ። በመካከሉ፣ በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ ነገሩ ከመዝናኛነት አልፎ የኑሮ መሠረት መሆኑን ሁሉም አወቀ።

አሁን ሁሉም የራሱ ስልክ አለው። ፍጥነቱም የትየለሌ ነው። ነገር ግን ያ አጠገባችን ተቀምጦ "ይሄን አትንካ" የሚለን ልጅ የለም። ቀጥሎ ምን እንደምናይ የሚመርጥልን ማሽን ነው፤ ማሽኑ የሚለካው ደግሞ ስንት ሰከንድ እንዳየን እንጂ ያየነው እውነት መሆኑን አይደለም።

ምን እናስረክባለን?

የቀድሞዋን ልደታ የሚያውቁ ሰዎች የድሮው ግቢና ጎረቤት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲቆም የት ማን ይኖር እንደነበር ለማስታወስ ይቸገራሉ። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። አዲሱ የሚሠራው አሮጌውን አፍርሶ ነው። በድሮ ፊደል ማተሚያ የተጻፉ ጽሑፎች አይነበቡም። ሲዲዎቹ ተጫጭረዋል። ብዙ ገጾች ተዘግተዋል፣ አካውንቶች ጠፍተዋል። የ2004ን ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ወጣት ዛሬ የሚያገኘው ቀን የሌለው፣ ማን እንዳነሣው የማይታወቅ ስክሪን ሹት ነው።

እኛ ደግሞ የሰነድ ኡማ ነን። ሊቃውንቶቻችን ሐዲሥን ሲቀበሉ "ማን አለ? ከማን ሰማ? ተገናኝተዋልን?" ብለው ጠይቀዋል። ስለ ተራኪዎች ማንነት ብቻ ብዙ ጥራዝ መጻሕፍት ጽፈዋል። ይህን ሚዛን ለሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አስቀምጠን፣ በየቀኑ የምናስተላልፈውን ወሬ ያለ ሚዛን መልቀቅ አይገባንም። ፎቶ ስናጋራ ቀኑንና ቦታውን እንጻፍ። ንግግር ስንቆርጥ ሙሉው የት እንዳለ እንጠቁም። ምንጩን ካላወቅን አናስተላልፍ።

ታላቅ ወንድምህ ወይም አጎትህ የኢንተርኔት ቤቱ ዘመን ልጅ ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ቁጭ በልና ጠይቀው። እቤት በካርቶን የተቀመጠ ሲዲ ካለ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው፤ ላዩ ላይ ስሙንና ዓመቱን ጻፍበት። የ17 ዓመቱ ልጅ ነገ አባት ይሆናል፤ ልጁም "ከማን ተረከብከው?" ብሎ ይጠይቀዋል። አላህ መልስ ካላቸው ያድርገን።