ሥዕሉ ራሱ ፕሮግራም ሲሆን

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ በአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች ማሽኖቹን የሚያዙት በሪሌና በሽቦ የታጨቁ ሣጥኖች ነበሩ። የሚመረተው መኪና በተለወጠ ቁጥር ያ ሁሉ ሽቦ ተፈቶ እንደገና ይታሰራል። በ1968 ጄኔራል ሞተርስ መላ ሲያፈላልግ ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ ሞዲኮን 084 የተባለውን መቆጣጠሪያ ሠሩ። እኔን የሚያስደንቀኝ ቋንቋው ነው። ኤሌክትሪሺያኑን ፎርትራንን የመሰለ የፕሮግራም ቋንቋ ተማር ያለው የለም፤ ድሮም የሚያነበውን፣ መሰላል የሚመስለውን የሽቦ ንድፍ ያስገባል፤ መቆጣጠሪያውም ንድፉን እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ ማሽኑን ያንቀሳቅሳል። ያ መሰላል በ1993 ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለት ዛሬም በፋብሪካዎች ይሠራበታል።

ባለሙያው በራሱ ሙያ ቋንቋ ኮምፒውተርን ይዘዝ የሚለው ሐሳብ ከዚያም ይቀድማል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በኤምአይቲ የዳግላስ ሮስ ቡድን ለብረት መቁረጫ ማሽኖች ኤፒቲ የተባለ ቋንቋ ሠርቷል፤ የሚናገረው ስለ ነጥብ፣ ስለ መስመርና ስለ ክብ ነበር። በ1976 ደግሞ ፒተር ቼን የመረጃ ቋትን በሣጥንና በመስመር የመንደፍ ዘዴውን አሳተመ።

ይበልጥ ልቤን የሚይዘው የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የዴቪድ ሃሬል ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እስራኤል ላቪ የተባለውን ተዋጊ ጄት ስትሠራ ሃሬል አማካሪ ሆኖ ገባ። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሆኖም አብራሪው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ይህን ቁልፍ ቢጫን ምን ይሆናል ሲባል መልሱ በወፋፍራም ሰነዶች ውስጥ ተበታትኖ ነበር። ሃሬል አንዱን ሁኔታ በሌላው ውስጥ፣ እንዲሁም ጎን ለጎን የሚያሳይ ሥዕል ፈጠረ፤ ስቴትቻርት ይባላል። ላቪ በ1987 በመንግሥት ውሳኔ ቀረ። በዚያው ዓመት ሃሬል ስለ ስቴትቻርት የጻፈው ጽሑፍ ታተመ፤ ሥዕሉም ከጄቱ ዕድሜ አልፎ ኖረ።

በ1997 ዩኤምኤል የተባለው የሶፍትዌር ሥዕል ቋንቋ፣ በ2001 ደግሞ ኮድን ከሥዕል የማውጣት አካሄድ የሆነው ኤምዲኤ ሲመጡ ተስፋው ሰፊ ነበር። ባንኩም ሆስፒታሉም በአንድ ዓይነት ሥዕል ይነደፋል፣ ኮዱም ከሥዕሉ ይወጣል ተባለ። በብዙ ቦታ አልሆነም። ምልክቶቹ የፕሮግራመሩን ቋንቋ እንጂ የባንክ ሠራተኛውን ወይም የነርሷን ቋንቋ አይናገሩም። የጎደለው በእጅ ሲሞላ ኮዱ ሄደ፣ ሥዕሉ ኋላ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይመነው?

በፊንላንድ የዩቫስኩላው ኩባንያ ሜታኬዝ ሌላ መንገድ ያዘ። ሜታኤዲት ፕላስ የተባለው መሣሪያው እያንዳንዱ ድርጅት ለሙያው የሚስማማ የሥዕል ቋንቋ እንዲቀርጽ ያስችላል፤ ኖኪያም ለሞባይል ስልኮቹ ተጠቅሞበታል።

በኤርባስ ኤ380 የበረራ መቆጣጠሪያ ላይ የዋለው ስኬድ የተባለው መሣሪያ ደግሞ በፈረንሳይ፣ በግሬኖብል ከተፈጠረው ከሉስትር ቋንቋ የተወለደ ነው። መሐንዲሱ የለመደውን ንድፍ ይስላል፤ በሲ ቋንቋ ኮዱን የሚጽፈው ግን ከሥዕል ኮድ የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ማለትም አመንጪው ነው። አመንጪው በአቪዬሽን ጥብቅ መስፈርት ስለተመረመረ የወጣውን ኮድ ሰው መስመር በመስመር እንዲፈትሽ አይጠበቅበትም። ስህተት ሲገኝ የሚታረመው ሥዕሉ ነው፤ ኮዱ እንደገና ይመነጫል።