ባቡር፦ የአንድ የውሰት ቃል ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረውና ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች በመገናኛ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ነው። ስሙ ግን በሥርወ ቃሉ ሲመረመር «እንፋሎት» ማለት ሆኖ ይገኛል። ይህ አለመጣጣም ከምን እንደ መነጨና ለመዝገበ ቃላት ሥራ ምን እንደሚያስገነዝብ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመለከታለን።

የቃሉ መሠረት ላቲን ነው። «ቫፖር» በላቲን ተን ወይም እንፋሎት ማለት ሲሆን የጣሊያንኛው «ቫፖሬ»፣ የፈረንሳይኛው «ቫፐር» እና የእስፓኝኛው «ቫፖር» ከዚሁ የወረዱ ናቸው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንፋሎት ኃይል የሚሄድ መርከብ በተስፋፋ ጊዜ ጣሊያኖችና እስፓኞች መርከቡን ራሱን በእንፋሎቱ ስም ጠሩት። ቱርኮችም ቃሉን ተቀብለው ዛሬም በኢስታንቡል ሰው የሚያሻግረውን መርከብ «ቫፑር» ይሉታል። ዐረብኛ «ፐ» እና «ቨ» የተባሉት ድምፆች ስለሌሉት «ባቡር» ወይም «ዋቡር» አደረገው፤ በግብፅም ትርጉሙ ሰፍቶ ለጋዝ ምድጃ እስከ መዋል ደረሰ።

አማርኛ ቃሉን የወሰደው በዚህ በዐረብኛው መልኩ ነው። የጅቡቲውን መሥመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ያደረሱት ፈረንሳዮች ቢሆኑም «ትራን» የሚለው ቃላቸው አልተወሰደም፤ ከእነርሱ የቀሩልን «ለገሃር» እና «ፉርጎ» ናቸው። «ሐዲድ» እንኳ በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። ደግሞም «ምድር ባቡር» እንላለን። «ምድር» የሚለው ቅጽል የሚያስፈልገው የምድር ያልሆነ ባቡር ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ከሐዲዱ አስቀድሞ ለመርከብ ያገለግል እንደ ነበር እንረዳለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪም፣ ሐዲድ ሳይኖረው፣ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል።

ዛሬ «የእንፋሎት ባቡር» ስንል በሥርወ ቃሉ «የእንፋሎት እንፋሎት» ማለታችን ነው፤ «የኤሌክትሪክ ባቡር» ስንል ደግሞ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር እንናገራለን። ሆኖም አንድም ተናጋሪ አይደናገርም፤ የቃልን ፍቺ የሚወስነው የተናጋሪዎቹ ልማድ ነውና። ስለዚህ የሙያ ቃላት በሚመረጡበት ጊዜ ሥር የሰደደ ቃል «ባዕድ ነው» ወይም «ከዛሬው ነገር ጋር አይስማማም» በሚል ምክንያት ብቻ ሊነቀል አይገባም እንላለን። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ተሽከርካሪ በመጀመሪያ ፍቺነት ያስፍር፤ መርከቡንና ሐዲድ አልባውን የእንፋሎት ተሽከርካሪ «ጥንታዊ» ብሎ ያስከትል፤ ሥርወ ቃሉን ከነመጣበት መንገድ በመጨረሻ ያመልክት።