የት ደረስህ? የአብነት ትምህርት ቤት የተማሪን ደረጃ ያወቀበት ሥርዓት



በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ወላጆች ሳያስቡት የልጆቻቸው መምህራን ሆኑ። ከዚያም በፊት በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ምእመናን ፊደልንና ውዳሴ ማርያምን ለልጆቻቸው በየቤታቸው ያስተምሩ ነበር፤ ዛሬም ያስተምራሉ። እነዚህ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ፈተና በሌለበት፣ ውጤት የሚሞላበት ካርድ በሌለበት፣ ልጄ ወደ ፊት መራመዱን በምን ዐውቃለሁ? ምንስ ጽፌ ላስቀምጥ?

ጥያቄው ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን አብሮ ይጠራል፤ ቤት ከጥንት ጀምሮ ትምህርት ቤት ነው። በሀገራችንም የኔታ የሚያስተምሩት በጎጇቸው ደጅ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በደጀ ሰላም ነበር፤ መኳንንቱም መምህር ወደ ቤታቸው አስመጥተው ልጆቻቸውን ያስተምሩ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ማርክ የሚባል ነገር አልነበረም። ማርክ አልነበረም ማለት ግን የተማሪው ደረጃ አይታወቅም ነበር ማለት አይደለም። እንዲያውም ከዛሬው ይልቅ በጥብቅ ይታወቅ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ምክንያቱን ከፊደል ጀምረን እንመልከት።

ሕፃኑ አስቀድሞ «ሀ ሁ»ን ይቆጥራል። በስንደዶ እያመለከተ ተራውን ሲደጋግመው ዜማው በአፉ ይገባና ዓይኑ ፊደሉን ሳያይ ምላሱ ብቻውን መሄድ ይጀምራል። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ቀጥለው አቡጊዳን አኖሩ። በአቡጊዳ የለመደው ተራ ይፈርሳል፤ ከ«አ» ቀጥሎ «ቡ»፣ ከ«ቡ» ቀጥሎ «ጊ» ይመጣል። በዜማ ብቻ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ፊደሉን በመልኩ ለይቶ ያወቀው ግን ያልፋል። ስለዚህ አቡጊዳ ትምህርትም ፈተናም ነው፤ ልጁ መፈተኑን ሳያውቅ ይፈተናል።

ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ የምንለው የመጀመሪያው የዮሐንስ መልእክት ይከተላል። ንባቡም ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፊደል በፊደል በቁጥር ይነበባል፤ ቀጥሎ ግእዝ ንባብ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይመጣል። በቁም ንባብ ላይ ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ተለይተው መነበብ አለባቸው፤ ተነሽ መሆን የሚገባው ቃል በወዳቂ ከተነበበ የኔታ ከወዲያ ሆነው ያስመልሱታል። መጽሐፍ በእጃቸው አለመኖሩ ለልጁ መሸሸጊያ አይሆነውም፤ መጽሐፉ በጆሯቸው አለና። ማታ ማታ ደግሞ መብራት በሌለበት ውዳሴ ማርያምና መልክአ መልኩ በቃል ይጠናል።

የንባብ ቤት መድረሻ ዳዊት ነው። 150ው መዝሙር በዐሥር በዐሥር ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል «ንጉሥ» ይባላል፤ ዳዊት በጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው ማለት ነው። እንግዲህ አባት ከእርሻ ሲመለስ የልጁን ትምህርት ለማወቅ ስንተኛው ንጉሥ ላይ እንደ ደረሰ መጠየቅ ይበቃዋል፤ ደብተር መግለጥ አያስፈልገውም። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ደግሰው የኔታን ያመሰግናሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ይመርቃል። ያ ድግስ ደስታ ብቻ አልነበረም፤ መንደሩን ሁሉ ምስክር የሚያደርግ መዝገብም ነበር። «የእገሌ ልጅ ዳዊት ደግሟል» የተባለለትን ልጅ ማንም ሰው «እስቲ አንብብ» ሊለው ይችላል፤ ስለዚህ ሐሰተኛ መዝገብ ብዙ አይቆይም።

የዛሬው ካርድ «ስንት አገኘህ?» ይላል። የኔታ የሚጠይቁት «የት ደረስህ?» ብለው ነው። ከ100 60 ያገኘ ተማሪ ያልገባውን 40 ተሸክሞ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ ውርድ ንባብ ያልሆነለት ልጅ ግን ሦስት ወር ይፍጅበት ወይም ዓመት፣ ወደ ቁም ንባብ አይሻገርም። አንዱ ቢዘገይ ሌላው ቢፈጥን እንግዳ ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ በራሱ ቦታ ይቀጽላልና። (አለንጋውን ግን አላወድስም፤ በአለንጋ ምክንያት ከየኔታ ደጅ ጠፍቶ የቀረ ልጅ ጥቂት አይመስለኝም።)

በቅኔ ቤትም ይኸው ሥርዓት አለ። ተማሪው በሁለት ቤት በሚያልቀው በጉባኤ ቃና ይጀምርና ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ዋዜማን እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። በየዕለቱ ብቻውን ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ያርሙለታል። ትናንት የተናገረውን ቅኔ ዛሬ ይዞ መምጣት አይችልም። ሌላ የቆጠረውን ሰርቆ ቢያመጣም የቅኔው መንገድ ያጋልጠዋል፤ መምህሩ የእያንዳንዱን ተማሪ የአነጋገር ጠባይ እንደ ድምፁ ያውቁታልና። የድጓ ተማሪ ደግሞ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ድጓውን ከነምልክቱ በራሱ እጅ መጻፍ የተለመደ ነበር። በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ የሚነገረው ያ የዜማ ምልክት በተማሪው መጽሐፍ ላይ ትክክል ካልተቀመጠ አለመረዳቱን ይመሰክርበታል። በኋላም ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ለብዙ ዓመታት የተማረውን በማያውቁት መምህር ፊት አሰምቶ ምስክር ይሆናል።

ይህ ሥርዓት በተለይ ለቤት ትምህርት የሚጠቅም ጥበብ ይዟል፤ የራስን ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ብዙ ጊዜ ወይ ከልክ በላይ ይራራል ወይ ከልክ በላይ ይቆጣልና። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚህ ረገድ ብርቱ ምሳሌ ናቸው። በጎጃም ጸላሎ የቅኔ መምህር ከነበሩት አባታቸው ቅኔን ተማሩ፤ ዓይነ ስውር ስለ ነበሩ ጽሑፍ አያግዛቸውም። የትምህርታቸው መዝገብ ጆሯቸውና የአባታቸው ጆሮ ብቻ ነበር። የአባት አድልዎ ይሆን እንዴ ብሎ የሚጠራጠር ቢኖር መልሱን ያገኘው ከጉባኤው ነው፤ በኋላ እማሆይ ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ቅኔ አስተማሩ። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን ራሳቸውን እንደ መልእክቱ እንደ ቈጠራቸው፣ የአባት ደብዳቤም ልጅቱ ራሷ ሆነች።

ምስክርነት ግን ሰሚው ሲሰንፍ ባዶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1520 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አቡነ ማርቆስ ክህነት ሲሰጡ ያየውን ጽፎልናል። ለክህነት የቀረበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ እያንዳንዱ ከመጽሐፍ ጥቂት ቃላት ያነብና ማለፉ እንዲታወቅ ክንዱ ላይ በቀለም ማኅተም ይመታበት ነበር። ጥቂት ቃላት አንብቦ የታተመ ሰው ምን ያህል እንደ ተማረ ያ ማኅተም አይናገርም። የሚነግረን መዝጋቢው ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ማሳለፍ እንደ ነበረበት ነው። ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶች የምናየው ካርድ ከዚህ ማኅተም ብዙ ይርቃል?

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ክፍልና የጽሑፍ ፈተና እያደር በሀገራችን ሥር ሰደዱ። ይህን እንደ ጥፋት ብቻ የሚቈጥሩ ወንድሞች አሉ፤ እኔ አልስማማም። የቃል ምስክርነት መምህሩ ሲያርፉ አብሮ ይቀበራል። በገዳማቱና በየጉባኤ ቤቱ ተምረው የወጡት አእላፍ ሊቃውንት ስማቸው እንኳ አልደረሰንም። ብዙ ዓመት ቅኔና ትርጓሜ የተማረ ሊቅም ወደ ዘመናዊው ቢሮ ሲሄድ የሚያሳየው ወረቀት ስለሌለው እንዳልተማረ ተቈጥሯል። መጻፉ ተገቢ ነው፤ የሚጻፈው ነገር ግን ሊመረጥ ይገባል።

ስለዚህ ልጁን በቤቱ የሚያስተምር ወላጅ በደብተሩ ላይ ከ10 ስንት ብሎ ከሚሞላ ይልቅ ልጁ የደረሰበትን ቦታና ቀኑን ቢጽፍ ይሻላል፤ «አቡጊዳን ያለ ረዳት ለየ»፣ «የማክሰኞን ውዳሴ ማርያም በቃሉ አደረሰ»፣ «መልእክተ ዮሐንስን በውርድ ንባብ ጨረሰ» እንደ ማለት። የሚሳሳትበትንም ቃል ቃሉን ራሱን ይጻፍ፤ «ንባብ ይከብደዋል» የሚል ማስታወሻ ከወር በኋላ ለማንም አይጠቅምም። በየጊዜው ድምፁን በስልክ ቀድቶ ማስቀመጥም መልካም ነው፤ የመስከረምና የጥር ንባቡ ጎን ለጎን ሲሰማ ልዩነቱ ያለ ቁጥር ይታወቃል። ከሁሉም በላይ አንድ ምዕራፍ በተፈጸመ ጊዜ ልጁን ይዞ ወደ አጥቢያው የኔታ፣ በውጭ ሀገር ያለም ወደሚቀርበው ካህን ወይም መሪጌታ ሄዶ ያሰማ። የኔታ ሰምተው «አልፏል» ካሉ በደብተሩ ላይ ቀኑ ከስማቸው ጋር ይጻፍ፤ «ይመለስ» ካሉም እንዲሁ ቀኑ ይጻፍ።