«ከባድ ነገር አታንሺ» የተባሉት ቀዛፊዎች

የጡት ካንሰር ታክመው የተረፉ ሴቶች በቡድን ሆነው ጀልባ መቅዘፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1996 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ከ30 በሚበልጡ አገሮች ወደ 300 የሚጠጉ ወይም ከዚያ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ቡድኖች አሉ። መነሻው ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲሰጡት የኖሩትን አንድ ክልከላ ለመፈተን የተደረገ ሙከራ ነበር።

ክልከላው የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ውጤት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስተድ ያስፋፋው ዘዴ ጡቱን ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብት ዕጢዎች ጋር ጠራርጎ የሚያወጣ ነበር። ካንሰሩ በዚያው ቦታ ተመልሶ እንዳይበቅል ስለረዳ ለአሥርት ዓመታት ከሱ የሚወዳደር አልተገኘም። ጉዳቱ የታየው በክንድ ላይ ነው። ሊምፍ ኖድ የሚባሉት የብብት ዕጢዎች ከክንድ ወደ ደም ዝውውር የሚመለሰውን ሊምፍ የተባለ ፈሳሽ የሚያሳልፉ ናቸው፤ እነሱ ተቆርጠው ሲወጡ ወይም በጨረር ሕክምና ሲጎዱ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ክንዱ ያብጣል። ሕመሙ ሊምፌዴማ ይባላል። ሃልስተድ ራሱ በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ እብጠቱን ከቀዶ ሕክምና የመጣ የዝሆኔ በሽታ አድርጎ ገልጾታል።

እብጠቱ አንዴ ሥር ከሰደደ ጨርሶ ማዳን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ጥንቃቄን መረጡ። ከባድ ዕቃ አታንሺ፣ በዚያ ክንድሽ ልጅ አትቀፊ፣ ክንድን ደጋግሞ የሚያለፋ ሥራም ስፖርትም ተዪ ይሉ ነበር። አስተሳሰቡ ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል፦ ሥራ ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ይጨምራል፣ ብዙ ደም ብዙ ሊምፍ ያመነጫል፣ መውጫው የተዘጋበት ክንድ ደግሞ ይህን አይችልም። ጉድለቱ ግን ነገሩን በወጉ የፈተነው ሰው አለመኖሩ ነበር። ያልተፈተነ ምክር ሲደጋገም ሕግ መምሰሉ በሕክምና ዓለም አዲስ አይደለም። እስከዚያው የሴቶቹ ክንድ ይደክማል፣ ትከሻቸው ይደርቃል፣ ክብደታቸው ይጨምራል፤ የክብደት መጨመር ደግሞ ራሱ ለእብጠቱ ያጋልጣል።

ይህን ክልከላ የተጠራጠረው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሕክምና ሐኪም የሆነው ዶክተር ዶን ማኬንዚ ነው። ሊምፍ እንደ ደም የሚገፋው ልብ የለውም፤ ወደፊት ከሚያስኬዱት ነገሮች መካከል የጡንቻ መኮማተርና ጥልቅ ትንፋሽ ይገኙበታል። ስለዚህ በልኩ የሚጨምር እንቅስቃሴ ፈሳሹን ያሳልፋል እንጂ አያከማችም የሚል ሐሳብ ያዘ። ለሙከራው የመረጠውም ክልከላውን ፊት ለፊት የሚጋፋ፣ ክንድን፣ ትከሻንና ደረትን ያለ ፋታ የሚያሠራ ስፖርት ነበር፤ የዘንዶ ጀልባ ቀዘፋ።

የዘንዶ ጀልባ የቻይና ቅርስ ነው። በቻይናውያን የጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ከሚከበረው በዓል ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ትውፊቱ ውድድሩን ሚሉዎ ወንዝ ውስጥ ራሱን ከጣለው ባለቅኔ ቹ ዩዋን ጋር ያገናኘዋል። ቫንኩቨር በ1986 ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ስታስተናግድ ጀልባዎቹ ከሆንግ ኮንግ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ውድድራቸው የከተማዋ ዓመታዊ ፌስቲቫል ሆነ።

ጀልባዋ 12 ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ጠባብ ናት። 20 ቀዛፊዎች ሁለት ሁለት ሆነው በ10 ረድፍ ይቀመጣሉ፣ ከፊት ከበሮ መቺ፣ ከኋላ ቆሞ የሚመራ አለ። የአንዷ ምት እንዲህ ነው፦ ወገቧን አዙራ ወደፊት ትዘረጋለች፣ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ትቀብራለች፣ እስከ ዳሌዋ ትስባለች፣ አውጥታ እንደገና ትዘረጋለች። ኃይሉ ከክንድ ብቻ ሳይሆን ከወገብና ከጀርባም ይመጣል፤ እግር ግን ክብደት አይሸከምም። ምቱ ካልገጠመ የኋለኛዋ መቅዘፊያ ከፊተኛዋ ጋር ይጋጫል። በዚህች ጀልባ ጀግና ሆኖ ብቻውን የሚፈጥን የለም።

በ1996 መጀመሪያ 24 ሴቶች ተሰባሰቡ። በቀጥታ ውሃ ላይ አልወጡም፤ በመጀመሪያ በጂም ውስጥ ሰውነታቸውን አፍታቱ፣ ቀስ በቀስ ጡንቻቸውን አጠነከሩ፣ ከዚያ ነው ጀልባ ላይ የወጡት። ክንዳቸው እየተለካ በሕክምና ክትትል ሥር ቆዩ። በሰኔም ሮዝ ለብሰው በከተማው ፌስቲቫል ተወዳደሩ። ማኬንዚ ውጤቱን በ1998 በካናዳ የሕክምና ማኅበር መጽሔት አሳተመ፦ አዲስ ሊምፌዴማ የያዛት አልተገኘችም፣ ቀድሞ የነበረባትም አልባሰባትም።

24 ሴት ማነጻጸሪያ ቡድን ሳይኖር ብዙ ማስረጃ አይሆንም። ሴቶቹ ግን የምርምሩን ፍርድ አልጠበቁም። ሙከራው ለአንድ ወቅት ብቻ የታሰበ ቢሆንም መበተን እምቢ አሉ፤ በካናዳ ሌሎች ከተሞችም ቡድኖች ተቋቋሙ፣ ነገሩ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በክፍል ውስጥ ክብ ሠርቶ ስለ በሽታ መነጋገር የማይሆንላት ብዙ ሴት አለች። በጀልባ ላይ ሁሉም ፊታቸው ወደፊት ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ ሲያሻቸው ስለ ኬሞቴራፒ ያወራሉ፣ ሳያሻቸው ስለ አየር ሁኔታ። ጠባሳውን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይደለም፤ ሁሉም አላቸው። ሐኪሙ ክንድ ሊለካ ቢነሳም፣ ብዙዎቹን ያቆያቸው ይህ ጓደኝነት ሳይሆን አይቀርም። በሽታው ተመልሶ የሚወስዳቸው ጓደኞችም አሉ፤ በፌስቲቫሎች መዝጊያ ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ተጠግተው ለሟቾች ሮዝ ቀለም ያለው አበባ ውሃ ላይ መበተን የተለመደ ሥርዓት ሆኗል።

በ2010 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ በፒተርቦሮ ከተማ ቡድኖቹ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን መሠረቱ። ትልልቆቹ ስብሰባዎች በ2014 በአሜሪካዋ ሳራሶታ፣ በ2018 በጣሊያኗ ፍሎረንስ፣ በ2023 በኒውዚላንድ ካራፒሮ ሐይቅ ተካሂደዋል።

ቀዘፋው የጀመረውን ጥያቄ በጠንካራ ማስረጃ የመለሰው የተመራማሪዋ የካትሪን ሽሚትዝ ጥናት ነው። በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው ይህ ጥናት ሊምፌዴማ ያለባቸውን 141 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሁለቴ ክብደት አነሱ፣ የቀሩት አላነሱም። የክንድ እብጠት መጨመር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር፣ 11 ከመቶ እና 12 ከመቶ። የሕመሙ መባባስ ግን በሚያነሱት 14 ከመቶ፣ በማያነሱት 29 ከመቶ ሆነ። በ2010 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ባወጣው መመሪያ ከካንሰር የተረፉ ሰዎች ያለ እንቅስቃሴ ከመቀመጥ እንዲቆጠቡ መከረ።

የቀረው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። ክብደቱም ምቱም ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ክንዷ ያበጠ ሴት የሚያጠብቅ እጅጌ አድርጋ፣ ፊዚዮቴራፒስት አማክራ ትጀምራለች፤ አዲስ እብጠት ወይም የመክበድ ስሜት ከመጣ ቆም ብሎ መታየት ያስፈልጋል። ቀዶ ሐኪሞችም ከ1990ዎቹ ወዲህ ካንሰሩ ቀድሞ ሊደርስባቸው የሚችለውን ጥቂት ዕጢዎች ብቻ አውጥቶ መመርመርን ስለለመዱ፣ ለእብጠቱ የሚጋለጡት ሴቶች ቁጥር ከቀድሞው ቀንሷል።