የማታው ትምህርትና አጭሩ መንገድ

አሜሪካ ውስጥ የፋርማሲ ትምህርት የተጀመረው በማታ ነው። በ1821 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 68 መድኃኒት ቀማሚዎች ፊላደልፊያ ውስጥ ካርፔንተርስ ሆል በሚባለው አዳራሽ ተሰበሰቡ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ የማስተር ማዕረግ መስጠት ጀምሮ ነበርና፣ የሙያችንን ትምህርት ለሌላ አንሰጥም ብለው የራሳቸውን ኮሌጅ አቋቋሙ። ትምህርቱ ማታ ማታ ሆነ፤ ተማሪው ቀኑን መድኃኒት ቤት ውስጥ ሥር ሲወቅጥ፣ ቅባት ሲለውስ፣ ጠርሙስ ሲያጥብ ይውላላ። ለመመረቅም ክፍል መግባት ብቻ አይበቃም ነበር፤ በአንድ ባለመድኃኒት ቤት ሥር ለዓመታት በተለማማጅነት ማገልገል ግዴታ ነበር።

ስለዚህ ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት በቴክኒሺያንነት ስሠራ ነው። ሰማያዊ ትሪ ላይ ክኒን በአምስት በአምስት እየገፋሁ የምቆጥር ነበርኩ። ሀገር ቤት አራት ዓመት ፋርማሲ ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ።

ከአሮጌዎቹ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ልቤን የሚነካው የዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሕክምና ክፍሉ በ1868 ሲከፈት ፋርማሲም አብሮ ተጀመረ። ባርነት በሕገ መንግሥት ከታገደ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላና ማታ ነበር፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ቀን ቀን ሥራ ነበራቸውና። በ1870 ጄምስ ዎርምሊ የሚባል ወጣት ከዚያ በፋርማሲ ተመርቆ ወጣ። ያ ሰዓት ባይመረጥ ኖሮ ምን ያህሉ ከበሩ ይመለስ እንደነበር ቀን ሠርቶ ማታ የተማረ የሀገሬ ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል።

በዚያው በ1868 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሌላ በር ከፈተ። አልበርት ፕሬስኮት የተባሉት መምህር ተማሪውን ሙሉ ቀን ላቦራቶሪ አስገቡትና የተለማማጅነቱን ግዴታ አስቀሩት። ሙያተኞቹ ተቆጡ። በ1871 የአሜሪካ ፋርማሲ ማኅበር ጉባኤ ላይ ፕሬስኮት በተወካይነት እንዳይቀመጡ ተከለከሉ። መድኃኒት ቤት ያላደረ ልጅ እንዴት ፋርማሲስት ይባላል? ነው ነገሩ። በእኔ ዳኝነት ፕሬስኮት ትክክል ነበሩ፤ ኬሚስትሪን በተረፈ ሰዓት መማር አይቻልም። ሆኖም ሙሉ ቀኑን የጠየቀ ትምህርት ሠርቶ የሚበላውን ተማሪ ምን ይብላ አላለም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እየረዘመ ሄደ። በ1907 ሁለት ዓመት፣ በ1925 ሦስት፣ በ1932 አራት ዓመትና የባችለር ዲግሪ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ኮሌጆቹ ዕረፍቱን ሰርዘው ዓመቱን ሙሉ በማስተማር የአራት ዓመቱን ትምህርት አጠሩት። ሠራዊቱ ባለሙያ ይፈልግ ነበር፤ ተማሪውም ለውትድርና ከመጠራቱ በፊት መጨረስ ነበረበት። ዛሬ የተፋጠነ የሚባለው መርሐ ግብር ሥሩ እዚህ ነው፤ የሚቀነሰው ትምህርቱ ሳይሆን ዕረፍቱ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ዕረፍቱ ተመለሰ፤ ርዝመቱም ቀጠለ። በ1950 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ዓመት የሚፈጀውን የፋርማሲ ዶክትሬት፣ እኛ ፋርም ዲ የምንለውን፣ ጀመረ። ከ1960 ጀምሮ ለሁሉም ቢያንስ አምስት ዓመት ሆነ። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ባችለሩ ቀርቶ ዶክትሬቱ ብቸኛው መግቢያ እንዲሆን ተወሰነ። ምክንያቱ ባዶ ኩራት አልነበረም። መድኃኒቱን ፋብሪካ ማምረት ሲጀምር የፋርማሲስቱ ሥራ ከመቀመም ወደ መመርመር ዞረ፤ ይህ መድኃኒት ከዚያኛው ጋር ይጋጫል ወይ? የታማሚው ኩላሊት ይህን መጠን ይችላል ወይ? ይህን ደግሞ ከሐኪሙና ከነርሷ ጎን ሆኖ ታማሚውን ሳያዩ መማር አይቻልም።

ርዝመቱ እኛም ዘንድ ደረሰ። በውጭ ሀገር የተመረቁ ፋርማሲስቶችን ማስረጃ የሚመረምረው የፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር፣ ከጥር 2003 ጀምሮ የተመረቀ ሰው ቢያንስ የአምስት ዓመት ትምህርት እንዲኖረው ጠየቀ። ከዚያ በፊት ለተመረቁት አራት ዓመት ይበቃ ነበር። እኔ ከወሰኑ ወዲህ ነኝ። አብረውኝ ክኒን ይቆጥሩ ከነበሩት መካከልም ሀገር ቤት መድኃኒት ቤት ያስተዳደሩ፣ በአንድ ዓመት ምክንያት የማኅበሩ ፈተና ላይ እንኳ መቀመጥ ያልተፈቀደላቸው ነበሩ። አማራጩ እንደገና መማር ነው። እኔም ተመዘገብኩ፣ በተፋጠነው የሦስት ዓመት ፋርም ዲ።

የሦስት ዓመቱ መርሐ ግብር፣ ከመሰናዶው ቀጥሎ በተለምዶ በአራት ዓመት ከሚሰጠው የሙያ ትምህርት ጋር እኩል ትምህርት አለው። ካሊፎርኒያ ስቶክተን ያለው የፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ በዚህ የታወቀ ነው፤ ሁለት ዓመት መሰናዶ ሦስት ዓመት ሙያ ብሎ በአምስት ዓመት የሚያስጨርስ መንገድም አለው። ግን ሰመር የሚባል ዕረፍት የለም። በተግባር ልምምዱም ቅናሽ የለም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢያንስ 300 ሰዓት፣ በመጨረሻው 1,440 ሰዓት ነው። ይህ የመጨረሻው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰላ 36 ሳምንት ሙሉ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ እንዲያውም ተማሪው የትምህርት ክፍያ ይከፍልበታል። እኔ ልጄን የያዘችልኝ እህት ነበረችኝ፤ እሷ ባትኖር አልጨርስም ነበር። ከእኔ የተሻለ ጭንቅላት የነበረው የሥራ ጓደኛዬ ግን ለእናቱ በየወሩ የሚልከውን ገንዘብ ማቋረጥ ስላልቻለ ተወው።

አንድ ዓመት ቀድሞ ደመወዝ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም አግኝቼዋለሁ፣ አልክድም። ነገር ግን የማታው ተማሪ ፊላደልፊያም ዋሽንግተንም ቦታ ነበረው፤ በተፋጠነው ትምህርት ቦታ የለውም። ኦማሃ ያለው ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ በ2001 የጀመረው የርቀት ፋርም ዲ ለእኔ ከአጭሩ መንገድ ይበልጥ የሚከበር ሥራ ነው። ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን ባለበት ሆኖ ይከታተላል፤ ለላቦራቶሪው ወደ ኦማሃ ይሄዳል።

ልጃችሁ ወደዚህ ሙያ የሚያዘነብል ወላጆች፣ ከዓመቱ ቁጥር በፊት የሰመሩን የትምህርት ሰሌዳ ጠይቁ። ልምምዱ የት ከተማ እንደሚሆንና ማን እንደሚያጓጉዘው ጠይቁ። ተመራቂዎቹ የፈቃድ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ ስንት በመቶ እንዳለፉ ትምህርት ቤቶቹ ይፋ ያደርጋሉ፤ እሱንም እዩ። አጭሩን ከመረጣችሁም ልጁ በእነዚያ ዓመታት ለቤት ኪራይ ብሎ እንዳይሠራ ከወዲሁ ዕቁብ ግቡለት።